ንብ የምታየው አበባ

ቡፌ ዳዋሽ የተባለውን አሮጌ ሆቴል የሚያውቅ ሰው ቡጋንቪላውን አይረሳም። አዋሽ ሰባት ኪሎ ባቡር ጣቢያው አጠገብ፣ በዚያ ሐሩር፣ ሐምራዊው ደምቆ ይታያል። የሰው ዓይን ግን እዚያው ሐምራዊ ላይ ይቆማል። የምናየው ብርሃን ከ700 እስከ 400 ናኖሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ያጠረውን፣ አልትራቫዮሌት የሚባለውን፣ የዓይናችን ሌንስ ይውጠዋል፤ ሌንሳቸው በቀዶ ሕክምና የወጣላቸው ሰዎች ጥቂት ያዩታል። ንብ ደግሞ ቀዩን አትለይም፣ አልትራቫዮሌቱን ግን ታያለች። አንዱን አበባ ሁለት ጊዜ ፎቶ ማንሳት፣ በእኛ ብርሃንና በንቧ ብርሃን፣ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ፓርኪንሶኒያ ነው፤ የኢየሩሳሌም እሾህም ይሉታል። ከአሜሪካ ምድር የመጣ፣ ድርቅ የሚችል፣ በቆላ ለጥላና ለአጥር የሚተከል ዛፍ ነው። አበባው አምስት ቢጫ ቅጠሎች አሉት። በተለመደው ፎቶ አምስቱም ቢጫ ናቸው፤ አንዷ ብቻ እያረጀች ስትሄድ ወደ ብርቱካንማ ታደላለች። በአልትራቫዮሌት ሲነሳ ግን አራቱ ያበራሉ፣ ያቺ አንዷ ትጠቁራለች። ጆንስና ቡክማን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1974 እንዳሳዩት፣ የጠቆረችው ቅጠል ለንቦች አቅጣጫ መያዣ ናት። ወለላው የሚገኘውም በእርሷ ግርጌ በኩል ነው። የሱፍ አበባም እንዲሁ ነው፦ ለእኛ ወጥ ቢጫ የሆነው ቅጠል በአልትራቫዮሌት ግርጌው ጨለማ፣ ጫፉ ብሩህ ይሆናል።

እንዲህ ያለ ፎቶ ለማንሳት ግን ዝግጅት ይጠይቃል። የዲጂታል ካሜራ ሴንሰር ፊት አልትራቫዮሌትን የሚያግድ መስታወት ስላለ፣ መጀመሪያ ያ መስታወት በባለሙያ እጅ መውለቅ አለበት። ብዙ መስታወት የተደራረበበት ሌንስም አልትራቫዮሌቱን ያስቀራል። ኒኮን ለዚሁ ሥራ ከኳርትዝና ከፍሎራይት የሠራው 105 ሚሊ ሜትር ሌንስ ዋጋው አይቀመስም፤ ቀላል አሮጌ ሌንሶች ግን የሚበቃውን ያህል ያሳልፋሉ። ሌንሱ ላይ የሚገጠመው ማጣሪያ የሚታየውን ብርሃንም ኢንፍራሬዱንም መከልከል አለበት። ኢንፍራሬድ ካመለጠ አበባው ሁሉ ነጥቶ ይወጣል፣ ፎቶውም ይዋሻል።

ለዚህ ሥራ በአፋሯ ከተማ በሰመራ ፀሐይ አይቸግርም። ፈተናው ነፋሱ ነው፤ ሴንሰሩ ላይ የሚደርሰው ብርሃን ጥቂት በመሆኑ መዝጊያው ረዘም ላለ ጊዜ ይከፈታል። ስለዚህ ትራይፖዱን ነፋስ ሳይነሳ፣ በማለዳ መትከል ነው። መጀመሪያ በተለመደው ብርሃን ይነሳል፣ ከዚያ ካሜራው ሳይነቃነቅ ማጣሪያው ተቀይሮ ፎከሱ እንደገና ይስተካከላል።

በሁለተኛው ፎቶ የሚታየው ቀለም የንቧ ቀለም አይደለም፤ ካሜራው የፈጠረው ነው። እውነቱ ያለው ብሩሁና ጨለማው በተቀመጡበት ቦታ ላይ ነው።