የቀይ ደም ሕዋሳት ቍጥርና ትርጓሜው



ከላቦራቶሪ የተሰጠውን ወረቀት ሐኪሙ ዘንድ ሳያደርስ በመንገድ ላይ የማያነብ ሰው ጥቂት ነው። ፊደል የቈጠረ ሰው በእጁ የያዘውን ጽሑፍ ሳያይ ይለፍ ማለትም አይገባም። ነገር ግን ብዙውን ሰው የሚያሳስተው «አር. ቢ. ሲ.» ከሚለው ምልክት አጠገብ የሚጻፈው ቍጥር ነው። ከፍ ያለ እንደ ሆነ አንባቢው «ደም ብዛት ያዘኝ» ብሎ ጨው ይተዋል፤ ዝቅ ያለ እንደ ሆነ ደግሞ «ደም አነሰኝ» ብሎ ከመድኃኒት ቤት የብረት ክኒን ይገዛል።

አስቀድመን የስሙን ነገር እንለይ። በቋንቋችን ደም ብዛት የምንለው የደም ግፊትን ነው፤ ይኸውም በክንድ ላይ በሚታሰር መሣሪያ ይለካል። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ግን በአንድ ኪዩቢክ ሚሊሜትር ደም፥ ማለት ጥቂት የጤፍ ፍሬዎችን በሚያህል ጠብታ ውስጥ፥ ስንት ቀያይ ሕዋሳት እንዳሉ የሚያስረዳ ነው። ቍጥሩ በሚሊዮን ነው፤ ለወንድ ከ4.5 እስከ 5.9፥ ለሴት ከ4 እስከ 5.2 ገደማ የተለመደ ነው። ልኩ ከላቦራቶሪ ላቦራቶሪ ጥቂት ስለሚለያይ በዚያው ወረቀት ላይ የታተመውን ማየት ይበልጣል።

እነዚህ ሕዋሳት በአጥንት መቅኔ ውስጥ ተሠርተው 120 ቀን ያህል ይኖራሉ፤ ሥራቸውም ከሳንባ ኦክስጅን ጭነው ለአካል ማድረስ ነው። ጭነቱን የሚይዘው ሄሞግሎቢን ይባላል። እንግዲህ በገበያ በር ቆሞ የሚገቡትን አህዮች የሚቈጥር ሰው ስንት ኩንታል እህል እንደ ገባ ሊያውቅ ይችላልን? አይችልም። ብረት ያነሰው ሰው የሕዋሳቱ ቍጥር ገና ሳይጐድል መጠናቸው አንሶና ቀለማቸው ገርጥቶ ይገኛል፤ ቢ 12 የተባለው ቪታሚን ሲጐድል ግን ሕዋሳቱ ጥቂትና ትልልቅ ይሆናሉ። ስለዚህ ሐኪሙ ከቍጥሩ ይልቅ ሄሞግሎቢኑንና የሕዋሱን መጠን አስቀድሞ ይመለከታል።

የምንኖርበት ከፍታም ከሒሳቡ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት የደም ማነስን ወሰን ለወንድ 13፥ እርጉዝ ላልሆነች ሴት 12 ግራም በዴሲሊትር ያደረገው ለባሕር ወለል ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው በአዲስ አበባ አየሩ ስስ ስለ ሆነ፥ ኩላሊት ሕዋስ እንዲጨመር ለመቅኔ መልእክት ይልካል። ጭማሪው ግን በሰው ሁሉ አንድ አይደለም። በ2002 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በወጣ ጥናት፥ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ የአማራ ደገኞች ሄሞግሎቢን በአማካይ ለወንድ 15.9፥ ለሴት 15.0 ሆኖ ተገኝቷል፤ ይህም ከባሕር ዳርቻ ሰው ብዙ የራቀ አይደለም፤ የደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ደገኞች ግን እጅግ ይበልጣሉ። ከጋምቤላ ወይም ከሠመራ ተዛውራችሁ የመጣችሁ ሠራተኞች የነበራችሁበትን ስፍራ ለሐኪሙ ንገሩት።

ተቅማጥ ወይም ውሃ ማጣት ደሙን ስለሚያወፍረው ቍጥሩ ከፍ ይላል፤ ማጨስና የሳንባ በሽታም እንዲሁ ያደርጋሉ። ውሃ ጠጥቶ ከሰነበቱ በኋላም ካልወረደ የመቅኔ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ይመረመራል።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ዝቅ ያለው ነው። የብረት ማነስ ራሱን የቻለ በሽታ ሳይሆን ብዙ ጊዜ ደም ከአንድ ቦታ እየፈሰሰ መሆኑን የሚያመለክት ነው፤ በሴቶች የወር አበባ፥ በሌሎች የአንጀት ትል፥ የጨጓራ ቍስል፥ አንዳንድ ጊዜም የአንጀት ካንሰር ይሆናል። በተለይ በዕድሜ የገፋ ሰው ምንጩ ሳይፈለግ ክኒን ብቻ ቢውጥ ቍጥሩ ከፍ ይልለታል፤ ቍስሉ ግን መድማቱን ይቀጥላል። ከዚህም በላይ የጨጓራ መድማት ሰገራን ያጠቍራል፤ የብረት ክኒንም ያጠቍራል። ስለዚህ በራሱ ፈቃድ ክኒን የጀመረ ሰው ሐኪሙ የሚጠይቀውን ዋና ምልክት በገዛ እጁ ይሸፍነዋል። ጀምራችሁ ከሆነ ምርመራው ሳይጀመር የክኒኑን ስምና የጀመራችሁበትን ቀን ለሐኪሙ አስታውቁት፤ የቀድሞ ውጤት ካላችሁም አብራችሁ ውሰዱለት።