የሕንፃ ሹሙን የሚቈጣጠረው ማን ነው?

ከጅማ እስከ ሰኮሩ በአውራ ጐዳናው ላይ ያሉት ከተሞቻችን በቡና ንግድ የሚኖሩ መሆናቸውን ለአንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ቡና ደግሞ ቤት ይፈልጋል፤ ይኸውም መጋዘን፥ መፈልፈያና ማበጠሪያ ነው። ቤቱ ሲሠራ ፈቃድ የሚሰጠው የከተማው አስተዳደር መሆኑን ነጋዴ ሁሉ ያውቃል። አስተዳደሩን ራሱን በዚህ ሥራው የሚጠብቀው ማን እንደ ሆነ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ይህንኑ ባጭሩ ለመግለጽ እንሞክራለን።

የኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅ ቍጥር 624 በ2001 ዓ.ም. ወጣ፤ ማስፈጸሚያው ደንብ ቍጥር 243 በ2003 ዓ.ም. ተከተለ። በአዋጁ መሠረት ፕላን የሚመረምረው፥ የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው ወይም የሚከለክለው፥ ከሕግ የወጣውንም ሥራ የሚያስቆመው «የሕንፃ ሹም» የተባለው ባለሥልጣን ነው። ሕንፃዎችም «ሀ»፥ «ለ» እና «ሐ» ተብለው በሦስት ምድብ ተከፈሉ። ነጋዴውን በተለይ የሚነካው እዚህ ላይ ነው። ፎቅ የሌለው መጋዘን ሁሉ እንደ ትንሽ ቤት በምድብ «ሀ» የሚቈጠር የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን ጣሪያውን በተሸከሙት ሁለት ምሰሶዎች መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የበለጠ እንደ ሆነ፥ ቤቱ ወደ ምድብ «ለ» ያልፋል። ፋብሪካና ወርክሾፕ፥ ለሕዝብ አገልግሎት የተሠራ ቤት፥ እንዲሁም ቁመቱ ከ12 ሜትር የሚበልጥ ሕንፃ ሁሉ በምድብ «ሐ» ተመደበ። ስለዚህ የቡና መፈልፈያ መኪና የተተከለበት ቤት፥ ጠባብም ቢሆን፥ እንደ ፋብሪካ ሊቈጠር እንደሚችል ባለቤቱ አስቀድሞ ያስብበት።

አዋጁ በቀጥታ የታሰበው የሕዝባቸው ቍጥር 10000 ለደረሰ ከተሞች ነበር። ከዚያ በታች ላሉት ውሳኔውን ለክልሉ መንግሥት ተወ፤ ከከተማ ውጭ የሚሠሩትን የኢንዱስትሪና የእርሻ ኢንዱስትሪ ሕንፃዎች ግን አልለቀቃቸውም። በጅማ ዙሪያ ላሉት ትንንሽ የቡና ከተሞች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። «የእኛ ከተማ ትንሽ ናት፤ ሕጉ አይደርስብንም» የሚለው ነጋዴ በከተማው ቍጥር ቢያመልጥ፥ በመፈልፈያው ዓይነት ሊያዝ ይችላል። ሕግም ይሻሻላልና፥ ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የትኛው እንደ ሆነ ከማዘጋጃ ቤቱ ጠይቆ መረዳት ከጭቅጭቅ ያድናል።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። የሕንፃ ሹሙ በትንሽ ከተማ የሚኖር ሰው ነው። ከባለ መጋዘኑ ጋራ በአንድ ዕድር ይቀመጣል፤ ልጆቻቸው በአንድ ትምህርት ቤት ይማራሉ፤ ምናልባትም ጋብቻ አላቸው። እንዲህ ላለው ሰው «ይህ ግድግዳ ይፍረስ» ብሎ መጻፍ እንደምን ይከብደዋል! ክፋት ባይኖርበት እንኳ ይሉኝታ ይይዘዋል። የበላይ ክትትል የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው። አዋጁ አፈጻጸሙን የመከታተሉን ሥራ ለከተማ ልማት ሚኒስቴርና ለክልሎች ሰጠ። በሹሙ ውሳኔ ቅር ለተሰኘም የይግባኝ ሰሚ ቦርድ አቆመ። እንግዲህ ቍጥጥሩ በሁለት ወገን ይመጣል፤ ከላይ ከመንግሥት፥ ከታች ደግሞ አቤት ከሚለው ባለጉዳይ። የሁለተኛው ወገን ዝም ካለ የመጀመሪያው ብቻውን በየመንደሩ ያለውን ነገር ሊያይ አይችልም።

ይህ ችግር የድኻ አገር ብቻ አይደለም። ለንደን ውስጥ ግሬንፌል የተባለው ረጅም ሕንፃ በ2009 ዓ.ም. ሰኔ 7 ቀን ተቃጥሎ 72 ሰዎች አለቁ። ሕንፃው በታደሰ ጊዜ የአካባቢው ማዘጋጃ ቤት ሥራውን ተመልክቶ የምስክር ወረቀት ሰጥቶት ነበር። እንግሊዞች ከዚያ በኋላ በ2014 ዓ.ም. አዲስ ሕግ አውጥተው፥ የረጃጅሞቹን ሕንፃዎች ቍጥጥር ከየማዘጋጃ ቤቱ በላይ ለሆነ የመንግሥት ተቈጣጣሪ አስረከቡ።

በአገራችንም በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት 11 ቀን ሌሊት በአዲስ አበባ መርካቶ ሸማ ተራ የተነሣው እሳት የብዙ ነጋዴ ሀብት አጠፋ። የእሳት አደጋ መኪናዎች በመንገዱ መጥበብና በሱቆቹ መጨናነቅ ምክንያት እሳቱ ዘንድ ለመድረስ ተቸገሩ። በዋና ከተማው እንዲህ ከሆነ፥ እርዳታው ከሌላ ከተማ በሚጠበቅበት ስፍራ ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ጆንያ ውስጥ ውስጡን እየጤሰ ይቈያል፤ የቡና ገለባ ደረቅና ቀላል ስለሆነ ነበልባል ቶሎ ይቀበላል፤ ከዚያው ጥግ አንድ ጀሪካን ቤንዚን ወይም የተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ አይጠፋም። በመጋዘኑ ያለው ቡናም ሁልጊዜ የባለ መጋዘኑ ብቻ አይደለም።

ሹሙ ባይመጣም ባለቤቱ ከኃላፊነት አይድንም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 2077 እንደሚለው፥ ሕንፃ ለሚያደርሰው ጉዳት፥ ያልታሰበ ድንገተኛ ነገር ቢሆን እንኳ፥ ተጠያቂው ባለቤቱ ነው።

እኔ የነጋዴ ጸሐፊ እንደ መሆኔ ሥራዬ ወረቀት መጠበቅ ነው፤ ምክሬም ከወረቀት አይርቅም። የቡና ለቀማ ሳይጀመር ባለ መጋዘኑ የፈቃዱን ግልባጭ፥ የጸደቀውን ፕላንና የምርመራውን ጽሑፍ በአንድ መዝገብ ይያዝ፤ ምርመራ ካልተደረገለት ቀን ጠቅሶ በማመልከቻ ይጠይቅ፤ የተከለከለም እንደ ሆነ ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጠው ያመልክት፤ ለይግባኝ ቦርዱ የሚቀርበው ይኸው ጽሑፍ ነውና።