የሰመጡት የጦር አውሮፕላኖች፦ ይውጡ ወይስ እዚያው ይቅሩ?

ፍሎሪዳ፣ ፔንሳኮላ በሚገኘው ብሔራዊ የባሕር ኃይል አቪየሽን ሙዚየም 2106 የሚል መለያ ቁጥር ያለው አንድ ዳውንትለስ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ቆሟል። ጁን 4 ቀን 1942 (እ.ኤ.አ.) በሚድዌይ ውጊያ አብራሪው ዳንኤል አይቨርሰንና ተኳሹ ዋላስ ሪድ የጃፓኗን አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ሂርዩን አጥቅተው ሲመለሱ ቀፎው ላይ 219 የጥይት ቀዳዳ ተቆጠረ። ተጠግኖ ለሥልጠና ተሰጠ። በ1943 ሚቺጋን ሐይቅ ውስጥ ሰጠመ፤ በ1994 ወጣ። ለ51 ዓመታት ከውሃ በታች ኖረ ማለት ነው።

የባሕር ኃይል አውሮፕላን ከውቅያኖስ ርቆ ሐይቅ ውስጥ ምን ይሠራ ነበር? ከአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ መነሳትና ማረፍ የሚለማመዱ ወጣቶች ብዙ ነበሩ፤ የጠላት ሰርጓጅ መርከብ የማይደርስበት ውሃ ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ በጎናቸው በሚሽከረከር መቅዘፊያ የሚሄዱ በድንጋይ ከሰል የሚሠሩ ሁለት የመንገደኛ መርከቦች ጣሪያቸው ተገፎ ማረፊያ ተነጠፈላቸው፤ ዎልቨሪንና ሴብል ተባሉ። ከቺካጎ አጠገብ፣ ከግሌንቪው ጣቢያ እየተነሱ ከ17,000 በላይ አብራሪዎች እዚያ ተፈተኑ። በኋላ ፕሬዚዳንት የሆኑት ጆርጅ ኤች ደብሊው ቡሽም ከእነርሱ አንዱ ነበሩ። ማረፊያው ጠባብ፣ ተማሪዎቹ ጀማሪዎች ስለነበሩ ከ100 በላይ አውሮፕላኖች ሐይቁ ውስጥ ቀሩ። አብዛኞቹ አብራሪዎች በሕይወት ወጥተዋል፤ ያልወጡም አሉ።

በሶናር የሚያስሱ ባለሙያዎች እነዚህን አውሮፕላኖች ማውጣት ከጀመሩ አሥርት ዓመታት ተቆጥረዋል። በ1990 የወጣው ቪንዲኬተር በዓለም ላይ የተረፈ ብቸኛው የዓይነቱ አውሮፕላን ነው። የቺካጎ ኦሄር አውሮፕላን ማረፊያ የሚያሳየው ዋይልድካት የተባለ ተዋጊ አውሮፕላንም የወጣው ከዚሁ ሐይቅ ነው።

ክርክሩ የሚጀምረው ከባለቤትነት ነው። ከማያሚ ባሕር ወለል ዴቫስቴተር የተባለ አንድ የጦር አውሮፕላን ለማውጣት በተነሳ ሙግት፣ በ2000 የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ባሕር ኃይሉ ባለቤትነቱን አልተወም ብሎ ፈረደ። በ2004 የወጣው ሕግ ይህን አጸናው፤ የሰመጠ የጦር ዕቃ ስንት ዘመን ቢያልፈው የመንግሥት ንብረት ነው፣ ያለፈቃድ አይነካም። ባሕር ኃይሉ የሚያዘነብለው ባለበት ወደ መጠበቅ ነው። ምክንያቱ ቀላል አይደለም። አንዳንዱ ስባሪ መቃብር ነው፤ የሟች አጥንት ያለበትን ቦታ ለኤግዚቢሽን ብሎ መቆፈር ነውር ነው።

ሌላው ምክንያት ኬሚስትሪ ነው። አልሙኒየምና ብረት ጨዋማ ውሃ ውስጥ ሲነካኩ እንደ ባትሪ ይሆናሉ፤ አልሙኒየሙ ይበላል። ስባሪው ወጥቶ ሲደርቅ ቀፎው ውስጥ የቀረው ጨው ጥፋቱን ያፋጥነዋል። ስለዚህ ጨው ማስወጫ ገንዳ፣ ባለሙያና የዓመታት በጀት ሳይኖር ከባሕር ማውጣት ቀስ ብሎ ማጥፋት ነው። ዛሬ በየትኛውም ሙዚየም አንድም ሙሉ ዴቫስቴተር የለም። በማርሻል ደሴቶች፣ ጃሉዊት ላይ የሰመጡት ዴቫስቴተሮች ሁልጊዜ የሚያጓጉት ለዚህ ነው፤ ችኮላ የማያስፈልገውም ለዚሁ ነው።

የሚቺጋን ውሃ ጨው የለውም፤ ጥልቁም ቀዝቃዛ ነው። ለረጅም ጊዜ ጥሩ አደራ ጠባቂ ነበር። አሁን ግን ከውጭ የመጣው ክዋጋ የተባለ ዛጎል ለበስ እንስሳ የሐይቁን ወለል ወሮታል፤ በቀፎው ላይ ተደራርቦ እየተጣበቀ ቀለሙንና ብረቱን ይጎዳል። እንግዲህ «እዚያው ይቆይ» ማለት «እንዳለ ይቆይ» ማለት መሆኑ ቀርቷል።

ስለዚህ የእኔ መልስ አንድ ወጥ አይደለም። የሰው አስከሬን የሌለበት፣ ባለበት እየጠፋ ያለ፣ ከመነሳቱ በፊት የእንክብካቤ ቦታውና ገንዘቡ የተዘጋጀለት አውሮፕላን ይውጣ። ከሦስቱ አንዱ የጎደለው ይቆይ። የክሬኑ ሥራ በቀናት ያልቃል፤ የጥገናው ሥራ ዓመታት ይፈጃል፤ ካሜራ የሚሰበሰበው ግን ለክሬኑ ነው።

ከዚያ በኋላም ከባዱ ጥያቄ ይቀራል፦ ምን ያህል ይታደስ? የተበላውን ሁሉ በአዲስ ከተካነው የቀረን የአውሮፕላኑ ምስል እንጂ አውሮፕላኑ አይደለም። የ2106 አዳሾች ይህን የተረዱት ይመስለኛል። የጥይት ቀዳዳዎቹን የደፈኑት መጣፊያዎች ዛሬም ቀፎው ላይ ይታያሉ። በአዲስ ቆርቆሮ ቢቀየሩ አውሮፕላኑ ይበልጥ ባማረ ነበር። ሚድዌይ የነበረው ግን ያ አሮጌ ቆርቆሮ ነው።