በነዳጅ የተበላሸ መሬትና የሚያጠሩት ረቂቃን ፍጥረታት

ከቦሌ እስከ አቃቂ ያለው ሜዳ ቀድሞ ጤፍና ሽምብራ ይዘራበት የነበረ ጥቁር መረሬ መሬት ነው። ዛሬ ግን አብዛኛው ቤት፣ መንገድ፣ ጋራዥና የነዳጅ ማደያ ሆኗል። በየደጁ የሚደፋውን የተቃጠለ ዘይትና ናፍጣ ዝናብ ጠርጎ ወደ ጅረት ያወርደዋል፤ የምሥራቁ ከተማ ጅረቶችም ወደ ትልቁ አቃቂ፣ ከዚያ ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ፣ ኋላም ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። በዚሁ ውሃ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ይጠጣል፤ የከተማውም ሕዝብ ይመገበዋል። ስለዚህ ነገሩ የገዥው፣ የባለይዞታውና የወረዳው ሹም ሁሉ ጉዳይ ነው።

በነዳጅ ውስጥ ካሉት ነገሮች ብርቱዎቹ ቤንዜን፣ ቶሉዊንና ዛይሊን የሚባሉት ናቸው። በእያንዳንዳቸው ስድስት የካርቦን አተሞች እንደ ቀለበት ተያይዘዋል፤ ይህም ቀለበት በቀላሉ አይበጠስም። ቤንዜን ለብዙ ጊዜ በሰው አካል ውስጥ ሲገባ የደም ነቀርሳ ያመጣል።

ሆኖም ይህን ቀለበት የሚቆርጡ ባክቴሪያዎች በአፈር ውስጥ ይገኛሉ። ከነዚህም አንዱ ሱዶሞናስ ፑቲዳ ይባላል። ባክቴሪያው የተፈጥሮውን ሕግ ከያዘው ከዋናው መጽሐፍ ሌላ፣ እንደ ክታብ ያለች ትንሽ ክብ ጽሕፈት ይይዛል፤ እርስዋም ፕላስሚድ ትባላለች። ዊልያምስና መሪ የተባሉ የብሪታንያ ሊቃውንት በ1974 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር) ቶሉዊንን የመብላት ትምህርት በዚህች ክታብ ላይ መኖሩን አስታወቁ። ባክቴሪያው በክታቡ ትእዛዝ ቶሉዊኑን መጀመሪያ ወደ ቤንዞይክ አሲድ ይለውጠዋል፤ ቀጥሎ ቀለበቱን ቆርጦ ምግቡ ያደርገዋል። ክታቡንም ገልብጦ ለጎረቤቱ ሊሰጥ ይችላል፤ እንዲሁም ትምህርቱ በአፈሩ ውስጥ ይዛመታል።

ትውልዱ ህንዳዊ የሆነው አናንዳ ቻክራባርቲ በአሜሪካ ብዙ ዓይነት ፕላስሚዶችን በአንድ ባክቴሪያ ውስጥ ሰብስቦ በ1972 ዓ.ም. የፈጠራ መብት ጠየቀ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1980 ዓ.ም. አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ፈረደለት። ነገር ግን ያ ዝነኛ ፍጥረት በሜዳ ላይ የፈሰሰ ዘይት ለማጽዳት አልዋለም። እንግዲህ በጠርሙስ የተሸጠ መድኃኒት ከመፈለግ በፊት፣ በአፈሩ ያሉትን ፍጥረታት መርዳት ይበልጣል።

እነርሱ ቀለበቱን የሚቆርጡት በአየር ነው። መረሬ አፈር ግን በክረምት ውሃ ይዞ አየር ይከለክላል፤ በበጋ ደግሞ ተሰንጥቆ ዘይቱን ወደ ታች ያሰርገዋል። ስለዚህ በዘይት የራሰው አፈር ተቆፍሮ ውሃ በማያሳልፍ መደብ ላይ ከ30 እስከ 45 ሳንቲሜትር ውፍረት ይነጠፍ፤ ዙሪያውም ጎርፍ እንዳይወስደው ይከተር። በየጊዜው ይገላበጥ፤ ሳይጨቀይ ይረጥብ፤ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ እንዲያገኝ ፍግ ወይም ማዳበሪያ ይጨመርበት። ሥራው ወራትን፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈልጋል። በላቦራቶሪ ሳይመረመር ለምግብ የሚሆን ነገር አይዘራበት።

ደግሞም ረቂቃኑ ፍጥረታት ሁሉን አይችሉም። በተቃጠለ የሞተር ዘይትና በፋብሪካ ፍሳሽ የሚመጣ እርሳስ ወይም ክሮም ማዕድን ስለ ሆነ በማናቸውም ባክቴሪያ ተበልቶ አያልቅም፤ በአፈሩ ይቀራል።

ስለዚህ ዘይት በበርሜል እንዲጠራቀም ማዘዝ፣ ወደ ወንዝ የሚደፋውን መከልከል፣ በወንዝ ዳር ያለውን የአትክልት መሬትና ውሃ ማስመርመር የሹማምንት ተግባር ነው። ባክቴሪያው የፈሰሰውን ሲያጸዳ፣ ሹም ሌላ እንዳይጨመርበት ካልጠበቀ፣ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።