ካርታውና ኬላው

በ2018 ከሞቃዲሾ ወደ ባይዶዋ የሚጓዝ የጭነት መኪና ሌጎ ላይ ይቆም ነበር። ሹፌሩ የጫነውን ይናገራል፣ ይከፍላል፣ ደረሰኝ ይቀበላል። ደረሰኙን የሚቆርጠው አል ሸባብ ነው። ወደፊት ሌላ የቡድኑ ኬላ ቢያጋጥመው ወረቀቱን አሳይቶ ያልፋል፤ ድጋሚ የሚጠይቀው የለም። የመንግሥት ታጣቂዎች በቆሙበት ኬላ ግን ባስቆሙት ቁጥር ይከፍላል፤ ደረሰኝ ብሎ ነገር የለም። የተባበሩት መንግሥታት ተቆጣጣሪዎች በዚያው ዓመት ባወጡት ሪፖርት፣ ከዚህች የሌጎ ኬላ ብቻ በዓመት ወደ 10 ሚሊዮን ዶላር እንደሚሰበሰብ ገምተዋል። (ዓመቶቹን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።)

ስለ አል ሸባብ የሚጻፈው ግን ባመዛኙ የከተማ ቆጠራ ነው፤ ይህን ያዘ፣ ያንን ለቀቀ። እኔም ለዓመታት እንዲሁ ስቆጥር ኖሬያለሁ። መለስ ብዬ ሳየው ካርታው ደጋግሞ አታሎናል።

በሰኔ 2006 የእስላማዊ ፍርድ ቤቶች ኅብረት ሞቃዲሾን ሲይዝ አል ሸባብ በጉያው የነበረ የወጣቶች ክንፍ ነበር። ስሙም «ወጣቶቹ» ማለት ነው። በታኅሣሥ የኢትዮጵያ ጦር ሲገባ ኅብረቱ በቀናት ውስጥ ተበተነ፤ በካርታው ላይ ጉዳዩ ያለቀ መሰለ። ክንፉ ግን ጫካ ገባ። ጦሩ በጥር 2009 ለቆ ሲወጣ አል ሸባብ ባይዶዋን ያዘ። በዚያው ሰሞን ጅቡቲ ላይ የሶማሊያ ፕሬዚዳንት ሆነው የተመረጡት ደግሞ ሼክ ሸሪፍ አህመድ፣ ያ የተበተነው ኅብረት መሪ የነበሩት ሰው ናቸው። ለሁለት ዓመት የተዋጉትን ሰው አጋር ብሎ መቀበል ለሁሉም ወገን ግር የሚል ነገር ነበር።

በሐምሌ 2010 እሳቱ ድንበር ዘለለ። ካምፓላ ውስጥ የዓለም ዋንጫን ፍጻሜ በቴሌቪዥን ሲያዩ በነበሩ ሰዎች መሃል በሁለት ቦታ ቦምብ ፈንድቶ ከ70 በላይ ሰዎች ሞቱ። ዩጋንዳ የተመታችው ወደ ሶማሊያ ወታደር ስለላከች ነው ተባለ። ከሁለቱ ቦታዎች አንዱ ግን የሐበሻ ምግብ ቤት ነበር።

ከዚያ ካርታው እየጠበበ መጣ። በነሐሴ 2011 ቡድኑ ከሞቃዲሾ ወጣ፤ በ2012 ዋና የገቢ ምንጩ የነበረችውን የኪስማዮ ወደብ አጣ። አበቃለት ያለው ሰው ብዙ ነው። በመስከረም 2013 ናይሮቢ ዌስትጌት የገበያ ማዕከል ውስጥ 67 ሰዎች ተገደሉ። በተከታዩ ወር፣ ዋልያዎቹ ናይጄሪያን አዲስ አበባ ስታዲየም በገጠሙበት እሑድ፣ ቦሌ አካባቢ በተከራዩት ቤት ውስጥ ሁለት ሶማሊያውያን በገዛ ቦምባቸው ሞቱ። መንግሥት በቤቱ ውስጥ ከተገኙት ነገሮች አንዱ የብሔራዊ ቡድኑ ማሊያ መሆኑን ተናገረ። ያን ቀን ከተማው ሁሉ ያንኑ ማሊያ ለብሶ ነበር። ኢትዮጵያ 2 ለ 1 ተሸነፈች፤ ማታ ሰው የተቆጨው በጎሎቹ ነው።

በ2015 ኬንያ ጋሪሳ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ 148 ሰዎች ተገደሉ። በዚያና በተከታዩ ዓመት የቡሩንዲ፣ የዩጋንዳና የኬንያ የጦር ሰፈሮች ተራ በተራ ተመቱ፤ በሃልጋን የነበረው የኢትዮጵያ ሰፈርም ጥቃት ደረሰበት። በጥቅምት 2017 ሞቃዲሾ ዞቤ መገናኛ ላይ አንድ የጭነት መኪና ፈነዳ። ሟቾቹን እንዲያጣራ የተቋቋመው ኮሚቴ በመጨረሻ 587 ብሎ ቆጠረ።

ከነዚህ ሁሉ ይበልጥ ያስደነገጠኝ ግን የሰው ሬሳ የሌለበት ዜና ነው። ሂራል የተባለው የሞቃዲሾ የጥናት ተቋም በ2020 ባወጣው ጥናት ቡድኑ በወር ቢያንስ 15 ሚሊዮን ዶላር እንደሚሰበስብ፣ ከግማሽ በላዩም ከሞቃዲሾ እንደሚመጣ ገለጸ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ለቆ ከወጣባት ከተማ ማለት ነው! በወደቡ ዕቃ የሚያስገባው ነጋዴ ለመንግሥት ከከፈለ በኋላ ለእነሱም ይከፍላል። ባይከፍል ስልክ ይደወልለታል።

2022 ሁለት ነገር አሳየን። በሐምሌ፣ የሰሜኑ ጦርነት በተኩስ ማቆም ጋብ ብሎ ሊያገረሽ አንድ ወር ሲቀረው፣ አል ሸባብ በባኮል በኩል አቶና የድ የተባሉትን ሥፍራዎች መትቶ ወደ ሶማሌ ክልል አፍዴር ዞን ዘለቀ። የክልሉ መንግሥት ከ100 በላይ ታጣቂዎች መገደላቸውን አስታወቀ። አገር በራሱ ጣጣ በተጠመደበት ሰዓት መግባታቸው በአጋጣሚ ነው ብዬ አላምንም።

ሁለተኛው በሂራን ነው። ድርቅ ነበር፣ የቡድኑ ቀረጥ ግን አልቀነሰም። በመስከረም መጀመሪያ ከበለደወይኒ ወደ ማሃስ እህል የጫኑ መኪኖችን አቃጥለው ቢያንስ 19 ሰው ሲገድሉ አስቀድሞ የተጀመረው የገበሬውና የአርብቶ አደሩ አመጽ ተስፋፋ። በሽርጣቸው «መዓዊስሌይ» የተባሉት እነዚህ የጎሳ ታጣቂዎች ከመንግሥት ጦር ጋር ሆነው በጥቂት ወራት ያስለቀቁት አገር፣ የውጭ ጦር በዓመታት ያላስለቀቀው ነው። በታኅሣሥ አዳን ያባል ተያዘች። ቀረጥ ያስመረረው ሕዝብ የጀመረው ጦርነት ስለነበር ተሳካ፤ እኔ የምረዳው እንዲህ ነው።

ከዚያ ሽንፈቱና ፖለቲካው መጣ። በነሐሴ 2023 የሶማሊያ ጦር ኦስዌይኔ ላይ ክፉኛ ተመታ። በጥር 2024 ኢትዮጵያ ከሶማሌላንድ ጋር የፈረመችው የመግባቢያ ስምምነት አዲስ አበባንና ሞቃዲሾን ለአንድ ዓመት ያህል አኳረፈ፤ አንካራ ላይ እስኪታረቁ ድረስ ከክርክሩ ነጥቦች አንዱ የኢትዮጵያ ወታደር ይቆይ ወይስ ይውጣ የሚለው ሆነ። ፑንትላንድ በሕገ መንግሥቱ ማሻሻያ ተቀይማ ከፌዴራሉ መንግሥት ጋር ተቆራረጠች። በ2024 መጨረሻ የጁባላንድና የፌዴራል ወታደሮች ራስ ካምቦኒ ላይ እርስ በርስ ተታኮሱ። በሚያዝያ 2025 አዳን ያባል ተመልሳ በአል ሸባብ እጅ ገባች።

በሰሜን ደግሞ ሌላ ወገን አለ። የእስላማዊ መንግሥት ቅርንጫፍ በአል ሚስካድ ተራሮች መሽጎ ከቦሳሶ ነጋዴዎች በማስፈራራት ገንዘብ ሲያስከፍል ቆይቷል። የፑንትላንድ ኃይሎች ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ ብዙ ዋሻዎቹን አስለቅቀዋል። ተዋጊዎቹ አብዛኞቹ ከውጭ የመጡ ናቸው፤ ኢትዮጵያውያንም አሉበት። ቦሳሶ ለእኛ ቤት እንግዳ ስም አይደለችም። ከሐረርጌ፣ ከወሎ፣ ከጅማ ተነስተው ሳዑዲ ለመድረስ የሚሞክሩ ልጆች የየመኗን ጀልባ ከሚሳፈሩባቸው ቦታዎች አንዷ ያቺ ከተማ ናት። እዚያ እስኪደርሱ በስንት ኬላ እንደሚያልፉና በየኬላው ማን እንደሚያስከፍል ከማንም በላይ የሚያውቁት ደላሎቹ ናቸው።