«አዎን»፣ «እሺ»፣ «ይሁን»፦ በአማርኛ ስምምነትን በአክብሮት ስለ መግለጽ

በሁለት ቋንቋ መዝገበ ቃላት ውስጥ የምላሽ ቃላት ብዙውን ጊዜ ጠባብ ቦታ ይሰጣቸዋል። የአንድ ዛፍ ወይም የአንድ ዓሣ ስም ከነመግለጫው ሲብራራ፣ «እሺ» የሚለው ቃል በአንድ አቻ ተተርጉሞ ይታለፋል። ይሁን እንጂ ተርጓሚው በፍርድ ቤት፣ በሐኪም ቤት ወይም በውል ጠረጴዛ ዙሪያ ሲቀመጥ ከዛፉ ስም ይልቅ የሚያስቸግረው ይኸው «እሺ» ነው። በዚህ ጽሑፍ፣ አማርኛ ተናጋሪ የሌላውን ቃል በአክብሮት ሲቀበል የሚጠቀምባቸውን ቃላት በየሥራቸው ለይተን እንመለከታለን። በመጨረሻም በመዝገበ ቃላት ውስጥ እንዴት ሊሠፍሩ እንደሚገባ ሐሳብ እናቀርባለን።

ምሳሌዎቻችን በአብዛኛው ከባሕር ዳርና ከጣና ዳርቻ አነጋገር ጋር የሚስማሙ ናቸው። በተለይ «ፔዳ» የሚባለው ግቢ ለዚህ ዓይነቱ ጥናት ምቹ ነው። ስሙ «ፔዳጎጂ» ከሚለው የውጭ ቃል ተቆርጦ የቀረ ሲሆን፣ በ1960ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የተቋቋመውን የመምህራን ማሠልጠኛ አካዳሚ ያስታውሳል። ተቋሙ በ1992 ዓ.ም. ከፖሊቴክኒኩ ጋር ተዋሕዶ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ቢሆንም፣ ሕዝቡ ግቢውን ዛሬም ፔዳ ይለዋል። ከልዩ ልዩ ክፍላተ ሀገር የመጡ ተማሪዎች ከጎጃም ተወላጆች ጋር በዚያ ስለሚገናኙ፣ አንዱ «እሺ» የሚለውን ሌላው «በጄ» ሲለው መስማት ይቻላል።

በመጀመሪያ «አዎን» እና «እሺ» መለየት አለባቸው። «አዎን» የአንድ ነገር እውነትነት የሚረጋገጥበት ቃል ነው። «እሺ» ደግሞ ትእዛዝ፣ ልመና ወይም ሐሳብ የሚታዘዙበትና የሚቀበሉበት ነው። «ትናንት ወደ ዘጌ ሄደሃል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ «አዎን» እንጂ «እሺ» ሊሆን አይችልም። «ነገ ወደ ዘጌ ሂድ» ለሚለው ደግሞ «እሺ» እንጂ «አዎን» አይባልም። እንግሊዝኛው «የስ» ሁለቱንም ይሸፍናል፤ ስለዚህ «የስ» የሚለውን ቃል «አዎን፣ እሺ» ብሎ በነጠላ ሰረዝ ብቻ የሚፈታ መዝገበ ቃላት ለተጠቃሚው ምርጫውን እንጂ የምርጫውን መመሪያ አይሰጠውም።

ይህ ልዩነት በቋንቋችን ጥንታዊ መሠረት አለው። ግእዝ ለማረጋገጫ «እወ»፣ ለመታዘዝና ለመቀበል ደግሞ «ኦሆ» ይላል፤ እሺ ባይ ወይም ታዛዥ የሆነ ሰው «ኦሆ በሃሊ» ይባላል። አማርኛም በበኩሉ ከሁለቱ ቃላት የተለያዩ ዘሮችን አፍርቷል። ከ«አዎን» በሰዋስው የምንሠራበት «አዎንታ» እና «አዎንታዊ» ሲገኙ፣ ከ«እሺ» ደግሞ «እሺታ»፣ «እሺ ባይ» እና «እሺ አሰኘ» ተገኝተዋል። የአንደኛው ቤተሰብ ስለ እውነት፣ የሁለተኛው ስለ ፈቃድ ይናገራል። ተቃራኒያቸውም ቢሆን ይለያያል፤ የ«አዎን» ተቃራኒ «አይደለም» ወይም «የለም» ሲሆን፣ የ«እሺ» ተቃራኒ «እምቢ» ነው።

ከሩቅ አገር ቋንቋዎች መካከል ስሎቬንኛን ለንጽጽር ብንወስድ ተመሳሳይ አከፋፈል እናገኛለን። በዚያ ቋንቋ «ዳ» እና በዕለታዊ ንግግር የሚዘወተረው «ያ» ለማረጋገጫ ያገለግላሉ። ሐሳብን ለመቀበል ግን «ትክክል» ከሚለው ትርጉም የወጣው «ፕራቭ»፣ ወይም «ይጸናል» እንደ ማለት ያለው «ቬልያ» ይመረጣል። «እንዴታ!» እንደምንለው ያለው «ሴቬዳ» ደግሞ «እንደሚታወቀው» የሚል ሐረግ ተጣብቆ የተገኘ ነው። ስሎቬንያዊ ታላቁን ሲያከብር ግሡን በሁለተኛ መደብ ብዙ ቁጥር ያረባዋል፤ አማርኛ ግን በ«እርስዎ» ጊዜ ግሡን እንደ ሦስተኛ መደብ ብዙ ቁጥር «ይሄዳሉ፣ ይበላሉ» ብሎ ያረባዋል። መንገዳቸው ቢለያይም ሁለቱም አክብሮትን በግስ እርባታ ያሳያሉ።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ «እሺ» የሚለው ቃል ለብቻው አክብሮትን የማይሸከም መሆኑ ነው። አክብሮቱ የሚመጣው ከሚከተለው መጠሪያ ነው፦ «እሺ ጋሼ»፣ «እሺ እትዬ»፣ «እሺ አባቴ»፣ ለቤተ ክህነት መምህር ደግሞ «እሺ የኔታ»። ለታላቅ የተሰጠ ባዶ «እሺ» ስድብ ባይሆንም ደረቅ ነው። ስለዚህ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ፣ በምንጩ ውስጥ መጠሪያው ባይኖርም እንኳ የተናጋሪዎቹን ዕድሜና ማዕርግ መርምሮ ሊጨምረው ይገባል። «እንዳሉት»፣ «እንደ ፈቃድዎ» እና «ደስ እያለኝ» የሚሉትም እዚሁ ክፍል ውስጥ ይገባሉ። ለጥሪ ምላሽ የሚሆነው «አቤት» ከእነዚህ ይለያል። «አቤቱታ» የተባለው ቃል እንደሚመሰክረው፣ «አቤት» ወደ ዳኛ ወይም ወደ ሹም ከሚጮኽበት ቃል ጋር አንድ ነው። ለእኩያ ጥሪ «ወዬ» ሲበቃ፣ ለታላቅ ግን «አቤት» ይገባዋል።

የመቀበል ቃላት የፈቃደኝነትንም መጠን ይለያሉ። በጣና ዳር የዓሣ ገበያ «እትዬ፣ በሦስት መቶ ብር ይስጡኝ» ለሚል ገዢ ሻጯ «እሺ» ካለች ዋጋውን ወድዳ ተቀብላለች። «ይሁን» ካለች ግን ከምትፈልገው ዝቅ ብላ ተስማምታለች፤ «ይሁና» ካለች ደግሞ ቅሬታዋን ጭምር ነግራዋለች። «ግድ የለም» የሚለው የሌላውን ሥጋት ማቅለያ ሲሆን፣ «ምን ከፋኝ» የሚለው ደስታን በትሕትና የሚሸፍን መቀበያ ነው። «ደግ» እና «መልካም» ነገሩ ተወስኖ ያለቀ መሆኑን ያመለክታሉ። «በጄ» በጎጃም ሽማግሌዎች አንደበትና በቀደሙ ጽሑፎች የሚገኝ ሲሆን፣ «በጄ አላለም» በሚለው አሉታዊ አነጋገር ከሌሎች አካባቢዎችም ይሰማል።

ትርጉም ላይ ከሁሉ የከፋው አደጋ ከአሉታዊ ጥያቄ ይመጣል። ዳኛው «ገንዘቡን አልወሰድክም?» ብለው ሲጠይቁ፣ አማርኛ ተናጋሪው «አዎን፣ አልወሰድኩም» ሊል ይችላል። «አዎን» እዚህ የጥያቄውን አባባል እንዳለ ከነአሉታው ያጸድቃል። እንግሊዝኛው ግን በዚህ ስፍራ «ኖ» ይፈልጋል። አስተርጓሚው «አዎን»ን ብቻ ሰምቶ «የስ» ካለ፣ የካደው ሰው እንዳመነ ተደርጎ ሊመዘገብ ይችላል። ስሎቬንኛ በአሉታ የተነገረውን ለማፍረስ «ፓች» የሚል ልዩ ቃል ሲኖረው፣ አማርኛ በዚያ ስፍራ «ኧረ ወስጃለሁ» እንደሚለው በ«ኧረ» ይጠቀማል። ስለዚህ ለእንዲህ ያለው ጥያቄ የምላሽ ቃሉን ብቻ ከመተርጎም፣ ሙሉውን ዐረፍተ ነገር መመለስ ይገባል።

ሁለተኛው አደጋ «እሺ» ሁልጊዜ ፈቃድ አለመሆኑ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ሌላው ሲናገር «እሺ... እሺ...» እያለ የሚያዳምጠው፣ መስማማቱን ሳይሆን መስማቱን ለማሳወቅ ነው። ትንፋሽን ወደ ውስጥ በአጭሩ በመሳብ የሚሰጠው ምላሽም አለ፤ ይህ በትግርኛና በስካንዲናቪያ ቋንቋዎችም የሚታወቅ ሲሆን፣ ለእንግዳ ሰው ድንጋጤ ሊመስለው ይችላል። «እሺ ነገ» ደግሞ እምቢታን ፊት ለፊት ላለመናገር የሚያገለግል ማዘግያ ሊሆን ይችላል። ሐኪም ስለ ቀዶ ሕክምና ሲያስረዳ በሽተኛው በየመካከሉ የሚለውን «እሺ» አስተርጓሚው እንደ ፈቃድ ከቆጠረው፣ ሰውየው ያልፈቀደው ነገር በስሙ ሊጻፍበት ነው። ማብራሪያው ካለቀ በኋላ «ተስማምተዋል? ምን እንደሚደረግልዎ ይንገሩኝ» ብሎ እንደገና መጠየቅ የቃሉ ባሕርይ የሚያስገድደው ጥንቃቄ ነው።

የአማርኛ መዝገበ ቃላት ሥራ የከሣቴ ብርሃን ተሰማ መጽሐፍ በ1951 ዓ.ም.፣ የደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል ደግሞ በ1993 ዓ.ም. ከታተሙ ወዲህ ሰፊ መሠረት አግኝቷል። በዚህ መሠረት ላይ ለሚሠሩ ባለሙያዎች የሚከተለውን እናሳስባለን። አንደኛ፣ የምላሽ ቃላት «ቃለ አጋኖ» በሚል ስያሜ ብቻ መታለፍ የለባቸውም፤ ለጥያቄ፣ ለትእዛዝ፣ ለጥሪ ወይም ለዋጋ ክርክር የሚመልሱ መሆናቸው ይጠቀስ። ሁለተኛ፣ ቃሉ ለታላቅ፣ ለእኩያ ወይም ለታናሽ የሚነገር መሆኑ ይመልከት። ሦስተኛ፣ እንደ «በጄ» ያሉት የአካባቢ ምልክት ይኑራቸው። ለምሳሌ ያህል፦

እሺ፦ 1. ትእዛዝን፣ ልመናን ወይም ሐሳብን መቀበያ፤ «ውኃ አምጪልኝ።» «እሺ፣ እትዬ።» 2. የሌላውን ንግግር እየተከታተሉ መሆንን ማሳወቂያ (ስምምነትን አያስገድድም)። 3. «እሺ ነገ» በሚለው ሐረግ፣ ማዘግያ። ለታላቅ ሲሆን ከመጠሪያ ጋር። ተቃራኒ፦ እምቢ። ዘር፦ እሺታ፣ እሺ ባይ፣ እሺ አሰኘ።

«እሺ ይበልጣል ከሺህ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ለእሺታ ከፍ ያለ ዋጋ ይሰጣል። ከሺህ የሚበልጠው ግን በፈቃድ የተሰጠው «እሺ» ነውና፣ የትኛው «እሺ» ፈቃድ፣ የትኛው ማዳመጥ፣ የትኛው ማዘግየት እንደሆነ ለይቶ ማስቀመጥ የመዝገበ ቃላት አዘጋጅና የተርጓሚ ኀላፊነት ነው።