ከልጆች ጋር ኳስና ሩጫ ስናይ



እሑድ ነሐሴ 5 ቀን 2016 ዓ.ም ጠዋት ቴሌቪዥን ከፍተው ነበር? በፓሪስ ኦሊምፒክ የሴቶች ማራቶን ሊያልቅ ሲል ትዕግስት አሰፋና ሲፋን ሐሰን በትከሻ ተገፋፉ። ሲፋን በ2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ ስታሸንፍ ትዕግስት በ3 ሰከንድ ተቀደመች። የኢትዮጵያ ወገን ያቀረበው አቤቱታም ተቀባይነት አላገኘም። ለአዳማ ቤተሰብ ነገሩ ቀላል አልነበረም። አንዷ የአገሩን መለያ ለብሳለች። ሌላዋ ደግሞ እዚሁ አዳማ ተወልዳ በ15 ዓመቷ ተሰድዳ ኔዘርላንድ የገባች፣ ሜዳሊያዋንም ሒጃብ ለብሳ የተቀበለች ናት።

በዚያች ደቂቃ አጠገብዎ የተቀመጠ የ4 ዓመት ልጅ «ኡሚ፣ የኛዋ የትኛዋ ናት?» ቢልዎ ምን ይመልሱለታል? ሕፃን ልጅ የውድድሩን ሕግ አያውቅም። እሱ የሚያየው የእርስዎን ፊት ነው፤ የሚሰማውም የእርስዎን ድምፅ ነው። ስድብ ካወጡ ስድቡን ይይዛል። በተለይ እኛ አባቶች ግብ ሲገባብን የምንጮኸው ጩኸት ሕፃኑን ምን ያህል እንደሚያስደነግጠው ልብ አንለውም። ይልቅ ሲፋን በዚያው ኦሊምፒክ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ነሐስ ወስዳ፣ ከ10,000 ሜትሩ በኋላ ሁለት ቀን እንኳ በቅጡ ሳይሞላት ማራቶን እንደሮጠች ቢነግሩት ይገባዋል፤ ትዕግስትም እስከ መጨረሻው እንዳልለቀቀቻት ይንገሩት።

ያ ማራቶን በጠዋት መሆኑ ጥሩ ነበር። የእንግሊዝ ኳስ ግን ቅዳሜ ብዙ ጊዜ 11 ወይም 12 ሰዓት ላይ ስለሚጀምር መግሪብ ይገባበታል፤ የአውሮፓ ቻምፒዮንስ ሊግ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከምሽቱ 4 ወይም 5 ሰዓት ነው። የ3 እና የ4 ዓመት ልጅ በቀን ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከ2 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ቴሌቪዥን አይመከርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት ከ1 ሰዓት ባይበልጥ፣ ቢያንስም የተሻለ ነው ይላል። አንድ ጨዋታ ከነዕረፍቱ ወደ 2 ሰዓት ይጠጋል። ስለዚህ ግማሹን አብረው ይዩና በዕረፍቱ ያስተኙት። ያለቅሳል፤ ይለምደዋል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን በሳህን የሚቀርበው ነገር ነው። ኳስ ሲታይ ቆሎ፣ ኦቾሎኒና ፈንዲሻ ይቀርባል። አባት ዓይኑን ከኳሱ ሳይነቅል ከእፍኙ ለልጁ ያካፍላል። ግብ ሲቆጠር ሁሉም ብድግ ይላል፤ ልጁም አፉ እንደሞላ ይዘላል፣ ይስቃል። በዚህ ጊዜ ኦቾሎኒው በጉሮሮ ፈንታ ወደ አየር ቧንቧ ሊገባ ይችላል። የትንንሽ ልጆች አየር ቧንቧ ጠባብ ነው፤ ጠንካራ ፍሬም በደንብ አያደቁም። 5 ዓመት ላልሞላው ልጅ ጥሬ ፍሬ፣ ቆሎም ሆነ ፈንዲሻ ባይሰጥ ይመረጣል። ሙዝ፣ የበሰለ ፓፓያ፣ ፍሬው የወጣለት ሐብሐብ፣ የተቀቀለ ድንች ወይም ጭኮ ይስጡት፤ እሱንም ቁጭ ብሎ ይብላ። በአዳማ ሙቀት ከለስላሳ ይልቅ ውኃ ይሻላል።

ልጁ ቢታነቅስ? በኃይል የሚያስል ከሆነ ይተዉት፣ ያስል። ማሳልና ማልቀስ ካቃተው ግን ጎንበስ አድርገው በሁለቱ ትከሻ አጥንቶቹ መካከል በመዳፍዎ ሥር 5 ጊዜ ጠንከር አድርገው ይምቱት። ካልወጣለት ከኋላው ሆነው ያቅፉት፤ የጨበጡትን እጅ ከእምብርቱ ከፍ አድርገው ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ ይጫኑ። እስኪወጣ ድረስ ሁለቱን እያፈራረቁ ይቀጥሉ፤ ሌላ ሰው እርዳታ ይጥራ። ዓመት ያልሞላውን ግን ሆዱን አይጫኑት፤ ክንድዎ ላይ በደረቱ አስተኝተው፣ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርገው ጀርባውን 5 ጊዜ ይምቱ፣ ከዚያ ገልብጠው የደረቱን መሐል 5 ጊዜ ይጫኑ። የማይታይዎትን ነገር ለማውጣት ጣትዎን ጉሮሮው ውስጥ አይስደዱ፤ የባሰ ሊገፉት ይችላሉ። ትንታው ካለፈ በኋላም ልጁ በማግስቱ ሳል ካልለቀቀው ወይም ሲተነፍስ ሲር ሲር የሚል ድምፅ ካሰማ፣ «ጉንፋን ነው» ሳይሉ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት፤ ኦቾሎኒ መብላቱንም ለሐኪሙ ይንገሩ።